ለሞተው ድንኳን አለን፤ በሕይወት ለተመለሰውስ?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ሳገባ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለሆነም ከእኔ የምሁር ንግግር አትጠብቁ። የምነግራችሁ በቤቴ የደረሰውን፣ ከደረሰም በኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

እኛ ደሴዎች፣ አባቶቻችን ቅሬ ይሉት በነበረው በዚህ ማኅበር፣ ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ይወጣል። ልጅ በዓረብ አገር ሞቶ ሬሳው ሲመጣ ደግሞ ማን ይቀራል? እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደን እንቀበላለን። ነገር ግን ያው ልጅ በሕይወቱ፣ ባዶ እጁን ቢመጣስ? ያን ጊዜ በር ገርበብ አድርገን ነው የምናየው። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው።

የእኅቴ ልጅ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በደላላ ምክር ተነሣ። በሰመራ በኩል ጂቡቲ ገባ፤ ከኦቦክም በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ የመን ደረሰ። ሐሳቡ ሳዑዲ መግባት ነበር። ለመንገዱ 70 ሺህ ብር ተበድረንለታል። ኤደን ከተማ ሲደርስ ገንዘቡም አለቀ፣ ጉልበቱም አለቀ።

አንድ ሌሊት ደወለ። «ጋሼ፣ ወደ አገር መመለስ የሚፈልግ ይመዝገብ ተብሎ ተመዝግቤያለሁ። የምታማክረን ልጅ ከቤተሰብህም ጋር ተነጋገር አለችኝ። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔም፣ «ዕዳው ሳይከፈል በምን ፊትህ ትመጣለህ? ሰውስ ምን ይላል? ትንሽ ቻለው እንጂ!» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እሺ ጋሼ» አለና ዘጋው። በማግስቱ ሄዶ ስሙን አሰረዘ። ምን ልበላችሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም በመዝገብ ሳሰፍር የኖርኩ ሰው፣ የገዛ እኅቴን ልጅ ስም በስልክ አሰረዝኩ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዝ አጋቾች ያዙት። ለማስለቀቂያ ተብሎ እኅቴ ወርቋንና ላሟን ሸጣ፣ በላዩም ተበድራ 110 ሺህ ብር ላከች። ልጁ ተመልሶ ኤደን የደረሰው፣ እንደገናም ተመዝግቦ ለአገሩ የበቃው ከ11 ወር በኋላ ነው። በድብደባ ብዛት አንዱ ጆሮው አይሰማም። «ዕዳው ሳይከፈል» ያልኩት ዕዳ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ጠበቀን።

ከዚህ በኋላ ነው ይህ በፈቃድ መመለስ የሚሉት ነገር ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት።

ብዙዎቻችን መመለስ ሲባል የምናስበው መባረርን ነው። ለምሳሌ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ያ ማስወጣት ነበር። በፈቃድ መመለስ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ራሱ ጠይቆ፣ ተመክሮ፣ ፈርሞ የሚመለስበት መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ይህንን ሥራ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ መጀመሪያ ከጀርመን ነበር። ፓስፖርት የሌለው ሰው በኤምባሲ በኩል የይለፍ ወረቀት ይወጣለታል። ለመጓዝ የሚያስችል ጤና ያለው መሆኑ ይታያል፣ ቲኬት ይቆረጥለታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ማረፊያ፣ ምግብና ሕክምና አግኝቶ ወደ ቀዬው ይሸኛል።

ሐቁን ለመናገር፣ የመን ውስጥ ጦርነትና ረኃብ የያዘውን ሰው «በፈቃዱ ተመለሰ» ማለት ይከብዳል። ቤቱ ሲቃጠል የሚወጣ ሰው በፈቃዱ ወጣ ይባላል ወይ? ድርጅቱም ራሱ እንዲህ ካለ ስፍራ የሚደረገውን ሰብዓዊ መመለስ እያለ ለይቶ ይጠራዋል።

የእኅቴ ልጅ እንደነገረኝ አማካሪዋ ብቻውን አስቀምጣ ጠየቀችው። «አገር ቤት የሚያስፈራህ ነገር አለ ወይ? ዕዳ አለብህ ወይ? ማን ይቀበልሃል?» አለችው። ሂድም ቅርም አላለችውም። አውሮፕላን እስክትሳፈር ድረስ ሐሳብህን መለወጥ ትችላለህ፣ ውሳኔው የአንተ ነው አለችው። እንግዲህ እሷ ትእዛዝ ሳትሰጥ፣ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልራቀው አጎቱ በአንድ ቃል አዘዘው። «ማን ይቀበልሃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከእሷ ዘንድ አልነበረም፤ ከእኔ ዘንድ ነበር።

ልጅ በውጭ አገር ያላችሁ ሁሉ የሚከተለውን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

1ኛ/ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ለማስመዝገቢያ ገንዘብ አምጣ የሚል ሰው ደላላ ነው።

2ኛ/ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። በብዙ አገር በፈቃዴ እመለሳለሁ ብሎ መፈረም የጥገኝነት ማመልከቻን ማንሣት ማለት ነው።

3ኛ/ መቋቋሚያ የሚባለው እርዳታ እንደ አገሩና እንደ በጀቱ ይለያያል። ለሁሉም አይደርስም፤ ሲደርስም ብዙውን ጊዜ በዕቃ ወይም በሥልጠና እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ የተመለሰውን ልጅ ብር ደብቋል ብላችሁ አትጠርጥሩት።

4ኛ/ ሕይወቱ አደጋ ላይ የሚወድቅበት ሰው ወደዚያው እንዲመለስ ሊገደድ አይገባም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜ 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ያውም እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ባወጣው የስደተኞች ስምምነት፣ ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ አይመለስም፣ በፈቃዱ የተመለሰም አገሩን ጥሎ በመሄዱ አይቀጣም ብሎ ጽፏል።

ይህ የመጨረሻው ቃል ነው ልቤን የነካው። የተጻፈው ለመንግሥታት ነው፤ እኛ ግን በጎረቤትነታችን እንቀጣለን። የእኅቴ ልጅ በመጣ ጊዜ ሦስት ሳምንት ቀን ቀን ከቤት አልወጣም። እኅቴም ቡና አፍልታ ሰው መጥራት አፈረች። የመጣው ሰው የሚጠይቀው «ምን ይዞ መጣ?» ብሎ ነው። አንዲት እናት ብቻ፣ እዚህ ተቀምጠው ይሰሙኛል፣ ዳቦ ጋግረው ገቡና «ልጄ፣ አንተ ከመጣህ ሌላው ይደረስበታል» አሉት። ልጁ ያን ዕለት ነው የበላው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከአባል ቤት ሰው ከስደት ሲመለስ እንደ ልቅሶው ሁሉ ጎረቤት በሦስት ቀን ውስጥ ሄዶ እንኳን ለአገርህ አበቃህ ይበለው፤ ምን ይዘህ መጣህ የሚል ጥያቄ ይቅር። ሁለተኛ፣ በስደት ምክንያት ወርሃዊ ክፍያ ያቋረጠ አባል ቅጣትና አዲስ መግቢያ ሳይጠየቅ ወደ መዝገቡ ይመለስ። ሦስተኛ፣ የጉዞ ዕዳ ላለበት ቤት እድራችን ሽማግሌ ይመድብ፤ አበዳሪው ጊዜ እንዲሰጥ ይለመን። እነዚህ ከካዝናችን ብዙ ገንዘብ አያስወጡም።

ልጁ አሁን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ዕዳው ገና ተከፍሎ አላለቀም፣ ጆሮውም አልዳነም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም «እርስዎ ምን ያድርጉ ጋሼ» አለኝ። እኔን ግን ይኸው መልሱ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ይህንን በሰው ፊት መናገሬ ለራሴ ክብር አይጨምርልኝም። ሆኖም ከመካከላችን አንዱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደኔ በሌሊት ይደወልለት ይሆናል። ያን ጊዜ ና ወይም አትምጣ ብሎ ከማዘዙ በፊት «ለመሆኑ አንተ እንዴት ነህ? በራችን ክፍት ነው፣ የሚሻልህን አንተ ወስን» ይበል። እኔ ያልተናገርኩት ቃል ይህ ነበር።

ፈጣሪ በስደት ያሉትን በሰላም ያግባልን።