ብርሃን በቅብብሎሽ
(በኮሙኒቲያችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቴሌኮም ቴክኖሎጂ አጠር ያለ ነገር እንድናገር ጠይቆኛል። ጉዳዩ ለሐርጌሳ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። እዚህ ከተማ ኔትዎርክ ሲጠፋ አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር መነጋገር ብቻ ሳይሆን ለዳቦውም ለታክሲውም የምንከፍልበት ዛድ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ መስመር እንዳይቋረጥ ምን ይደረጋል የሚለው የሁላችንም ጥያቄ ነው።

ዛሬ የማነሣው ያለ ገመድ፣ በአየር ላይ በብርሃን ስለሚላክ መልእክት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤልና ረዳቱ እ.ኤ.አ. በ1880 በዋሽንግተን ከተማ ድምፅን በፀሐይ ጨረር 213 ሜትር ያህል ልከዋል። የዛሬው መሣሪያ የሚጠቀመው በዓይን የማይታይ ሌዘር ነው።

በአህጉራችንም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአልፋቤት ሥር የነበረው የታራ ፕሮጀክት ብራዛቪልንና ኪንሻሳን በኮንጎ ወንዝ ላይ በ4.8 ኪሎ ሜትር የሌዘር መስመር አገናኘ። ከተሞቹ ፊት ለፊት ቢተያዩም የፋይበር ገመዱ ወንዙን ለመዞር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። ፕሮጀክቱ እንዳስታወቀው በ20 ቀን ውስጥ 700 ቴራባይት የሚጠጋ መረጃ አልፎበታል።

ይሁን እንጂ ብርሃን ጠላት አለው፤ ጉም፣ አቧራና የጋለ አየር። በቀትር ከአስፋልት ላይ ሙቀት ሲነሣ የሩቅ መኪና ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል፤ ጨረሩም እንዲሁ ይዋልላል። ርቀት ሲጨመር ችግሩ እጅግ ይብሳል። አየሩ በየኪሎ ሜትሩ ከብርሃኑ አንድ አሥረኛውን ብቻ ያሳልፋል እንበል። ከ2 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ መቶኛው፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በኋላ ግን አንድ አሥር ሺሕኛው ብቻ ይቀራል።

መፍትሔው ቅብብሎሽ ነው። በመካከል አንድ አቀባይ ጣቢያ ቢቆም አንድ መቶኛውን ተቀብሎ፣ መልእክቱን አጥርቶ፣ በአዲስ ጉልበት ይልከዋል። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማጂድ ሳፋሪና ሙራት ኡይሳል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ቅብብሎሽ የእንዲህ ያለውን መስመር አስተማማኝነት በእጅጉ እንደሚያሻሽል በስሌት አሳይተዋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአንድ ረድፍ ብቻ የቆመ ቅብብሎሽ አንዱ አቀባይ ከወደቀ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ በተለያየ አቅጣጫ ሁለት ሦስት አቀባዮች ይዘጋጁና በጊዜው መንገዱ የጠራለት ያስተላልፋል። ጉም ከተማውን በሙሉ ከሸፈነ ደግሞ ጉም ብዙም የማያግደው የሬዲዮ መስመር፣ ፍጥነቱ ቢያንስም፣ ይተካል።

ሌላም ነገር አለ። አቀባዩ የጎረቤቱን መልእክት የሚያሳልፈው በራሱ ጣሪያና በራሱ መብራት ነው። ዛሬ ያንተን ካላሳለፈ ነገ የእሱን የሚያሳልፍለት አያገኝም። ትብብር የሚባለው ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ የእኛም ኑሮ ከዚህ አይለይም። በስደት አገር ሰው ሲታመም ወይም መርዶ ሲመጣ ወሬው በአንድ ሰው ስልክ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ የዚያ ሰው ስልክ በተዘጋ ቀን ወገን ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየሰፈሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ተጠሪ ይመረጥ፤ አንዱ ባይገኝ ሌላው ያድርስ። ወጣቶቻችንም የዚህን ሙያ ትምህርት እንዲከታተሉ እናበረታታ፤ ነገ ጣሪያ ላይ ወጥቶ መስመር የሚያቃና ከእናንተ ልጆች መካከል ይገኛል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ!