ጃቫ የተማረች ልጅ ሌላ ምን ምን ማወቅ አለባት?

(ከማኅበራችን ብድር ወስደን የተማርን ሦስት ልጆች በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረግነው ንግግር)



የትምህርት ኮሚቴው እንድንናገር የጠየቀን ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ከእኛ በኋላ የገቡት ልጆች የጃቫ ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። አሁን ለፓይተን፣ ከዚያ ለሞባይል አፕ፣ ከዚያ ደግሞ ለክላውድ ኮርስ ተጨማሪ ብድር ጠይቀዋል። ኮሚቴው «ሥራ ለመያዝ ይህ ሁሉ የግድ ነው ወይ?» ብሎናል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ከፈትል፣ ከጥልፍና ከእንጀራ ሽያጭ በየወሩ እየተቀነሰ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ መልሳችንን አድበስብሰን አናልፍም።

ጃቫ ምንድን ነው ለምትሉ እናቶች፦ ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 አወጣው፤ ዛሬ በኦራክል እጅ ነው። በዕድሜ ከሦስታችንም ይበልጣል፣ ግን አላረጀም። ጤና ሚኒስቴራችን ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በጃቫ የተጻፈ ነው፤ ሥራውን የሚመራው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባንኮችም በብዛት ይጠቀሙበታል። ልጆቹ የተማሩት ሙያ ሥራ የሌለው ሙያ አይደለም።

ታዲያ ልጆቹን ምን አስደነገጣቸው? የሥራ ማስታወቂያው ነው። ከእኛ አንዷ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ስታነብ አሥራ አምስት ነገር ተደርድሮ አገኘች፦ ጃቫ፣ ስፕሪንግ፣ ሪአክት፣ አንጉላር፣ ኦራክል፣ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ፣ ካፍካ፣ ፓይተን፣ ሌላም ሌላም። የምታውቀው አራቱን ብቻ ነበር። ማመልከቻዋን ሳትልክ ሁለት ወር ቤት ተቀመጠች። በኋላ እዚያው መሥሪያ ቤት ከሚሠራ ሰው እንደሰማነው፣ በየቀኑ የሚነኩት አምስቱን ነው። የቀረውን የጻፈው ሰው ከሌላ ማስታወቂያ ገልብጦት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። ሁለት ወር ግን ሄደ፤ የብድሩ ክፍያ ደግሞ አልጠበቃትም።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ልጅቷ አንዱን ቋንቋ እስከ ሥሩ ትወቀው። ከሥራዋ ጋር የሚዋሰኑትን ደግሞ ብልሽት ሲመጣ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት እስክትችል ድረስ ትወቃቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማኔውን «ቁጭ ብለህ ፍተል» የሚለው የለም። ነገር ግን ክሩ ሲበጣጠስበት ጥፋቱ የፈትሉ ይሁን የራሱ እጅ ካልለየ ቀኑን ሙሉ ሲቋጥር ይውላል።

እስከ ሥሩ ስንል ምን ማለታችን ነው? ጃቫ ውስጥ «ዳብል» የሚባል የቁጥር ዓይነት አለ። በእሱ 0.1 እና 0.2 ደምሪ ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የነጥብ ቁጥርን የሚያስቀምጥበት መንገድ ግምታዊ ስለሆነ ነው። በዚህ የቁጠባ ሒሳብ ብትሠሩ ከጊዜ በኋላ ሳንቲሙ አልገጥም ይላል። ለገንዘብ የሚሆነው «ቢግ ዴሲማል» የሚባለው ነው። ልጅቷ ይህን ሳታውቅ ወደ ፓይተን ብትሄድ፣ ፓይተንም ያንኑ መልስ ይሰጣታል። ጃቫስክሪፕትም እንደዚያው። በሦስት ቋንቋ አንድ ዓይነት ስሕተት ለመሥራት ሦስት ብድር ተወሰደ ማለት ነው።

ከሚዋሰኑት ደግሞ ዋናው ዳታቤዝ ነው። አንዲት እናት 200 ብር አስገቡ እንበል። ፕሮግራሙ ገቢውን መዝግቦ፣ ጠቅላላ ቁጠባቸውን ገና ሳይደምር መብራት ጠፋ። እኛ ሰፈር ይህ ተረት አይደለም። ዳታቤዙ «ትራንዛክሽን» የሚባል መላ አለው፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ይህን የማታውቅ ፕሮግራመር ጃቫዋ የቱንም ያህል ቢያምር የሰው ገንዘብ ልትይዝ አይገባም። ሊነክስን በመጠኑ፣ የሥራዋን ታሪክ የምታስቀምጥበትን ጊትን ደግሞ በደንብ ትወቅ። ዶከርንና መሰሎቹን ሥራው ሲመጣ ትደርስባቸዋለች።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

የማኅበራችንን የቁጠባ መዝገብ በኮምፒውተር የሠራነው እኛ ነን። መዋጮው የሚገባው ወር በገባ እስከ 10 ነው። ፕሮግራሙን በመስከረም ጀመርንና ቀጣዩን ቀነ ገደብ ለማስላት «30 ቀን ጨምር» አልነው። ጥቅምት 10 አለ፣ ኅዳር 10 አለ። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ እስከ ነሐሴ 10 አንዴም አልሳተም። እኛም ኮራን። ከነሐሴ 10 ሲነሣ ግን ነሐሴ 20 ቀን በላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በላ፣ የቀረው 5 ቀን ነው። ቀነ ገደቡ መስከረም 5 ላይ ወደቀ። የሉቃስ ዘመን ቢሆን ኖሮ ጳጉሜን 6 ስለሚሆን መስከረም 4 ይሆን ነበር።

እንቁጣጣሽ ወጪ የሚበዛበት ነው። መስከረም 8 የከፈሉ እናቶች ሁሉ «ዘግይተዋል» ተብለው መቀጫ ተጻፈባቸው፤ ስማቸውም በስብሰባ ተነበበ። አንዲት እናታችን ማኅበሩ ከገቡ ጀምሮ አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም ነበር። ደብተራቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አወጡና ፊታችን ዘረጉት። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ጳጉሜንን ረሳችኋት እንዴ?» አሉን።

ጃቫ አልተሳሳተም። 30 ጨምር አልነው፣ 30 ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃቫ 8 አዲስ የቀን አቆጣጠር ክፍል አለው፤ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠር አለበት፣ የእኛ የለበትም። «ጆዳ ታይም» የሚባለው ተጨማሪ መሣሪያ ግን የኢትዮጵያን ይዟል፣ በእሱም አስተካከልነው። እሱም ቢሆን ጳጉሜንን እንደ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሚቆጥር ከነሐሴ ቀጥሎ ያለውን ወር ስትጠይቁት ጳጉሜን ይላችኋል። እኛ በጳጉሜን መዋጮ አንሰበስብም። ይህን የትኛውም ኮርስ አይነግራትም፤ የሚያውቁት ገንዘብ ያዣችን ናቸው።

ስምም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በፀ ወይም በጸ፣ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ብንጽፈው ስድስት ዓይነት ይሆናል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለጃቫ ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ አምጥቶ የሚያወዳድር ነገር ካልጻፍንለት፣ እናትየዋ «መዝገብ ላይ የሉም» ተብለው ይመለሳሉ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አለመሆኑን፣ የእኛ ሦስት ሰዓት በኮምፒውተሩ ዘጠኝ መሆኑንም ልጅቷ ቀድማ ማሰብ አለባት። እነዚህን ማስታወቂያው ላይ አላየናቸውም፤ ሥራው ላይ ግን በየቀኑ አሉ።

ስለዚህ ለኮሚቴው የምንለው፦ ለሦስተኛና ለአራተኛ ቋንቋ ኮርስ ብድር አትስጡ። ለዳታቤዝ ትምህርት ስጡ። አንዷ ልጅ የሞባይል ሥራ አግኝታ ለዚያው ኮርስ ብትጠይቅ ደግሞ ጉዳይዋ ለብቻው ይታይ፤ ሥራው አለና አንከለክልም። በዚህ ላይ ሦስታችን አንድ አሳብ አልነበረንም፤ አንዷ አሁንም ፓይተን ይጠቅማል ትላለች፤ እሷም እውነት ይኖራታል።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ፦ ለኮርስ ልትሰጡ ያሰባችሁትን መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪና ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብታደርጉት ለሁላቸውም ይደርሳል።

እኛም በበኩላችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር በማኅበሩ ቢሮ እንቀመጣለን። መጀመሪያ የሚሠሩት ፕሮግራም ሳይሆን ከገንዘብ ያዣችን ጎን ተቀምጠው የወረቀት መዝገቡን መሙላት ነው፤ አንድ ሙሉ ወር። መቀጫው ለሁሉም ተመልሷል። ያልደረሰው ሰው ካለ ከስብሰባው በኋላ ያናግረን።