ቁልፍ ያዡም ይማር

በራዲዮ የሰማችሁት ንግግር እነሆ በጽሑፍ ደርሷችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቃል ከከበዳችሁ ጣታችሁን አስከትሉና ፊደል በፊደል ቁጠሩት። ማንም አይቸኩልባችሁም።

ዛሬ የምናወጋው መጽሐፍ ስለሚጠብቅና ስለሚያውስ ሰው ነው። በቀበሌው ንባብ ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በከተማው ቤተ መጻሕፍት ከጠረጴዛ ኋላ የሚቀመጠውን ሰው ታውቁታላችሁ። እሱ ራሱ ስለ ሥራው የሚማረው ትምህርት አለ ወይ? የት ይማራል? "እኛ ገና አሁን ፊደል የቆጠርን ሰዎች፣ ስለ ሌላ ሰው ትምህርት ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። እንዴት እንደሚያገባችሁ ከራሴ ጥፋት ልጀምርና ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ የንባብ ቤት ቁልፍ ተሰጠኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሷል፣ ጽሕፈቱም ደኅና ነው ተባለና ተመረጥኩ። ሥራው ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። "መጻሕፍቱ እንዳይጠፉ ብቻ ተጠንቀቅ" አሉኝ። እኔም እንዳይጠፉ አደረግኩ! ሁለት መደርደሪያና አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረን። መጻሕፍቱን በቁመት ደረደርኳቸው፤ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ልክ ፎቶግራፍ ሊነሡ እንደተሰለፉ ተማሪዎች። ቀጫጭኖቹን፣ እነዚያን ሃያና ሠላሳ ገጽ ያላቸውን ግን፣ ይቀደዳሉ ብዬ ሣጥን ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩባቸው። እውነቱን ለመናገር ለመደርደሪያው ውበት አይሆኑም ብዬም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት መጡ። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ ወር እንኳ አልሞላቸውም።

"ልጄ፣ ስለ ዶሮ የሚናገር መጽሐፍ አለህ?" አሉኝ።

"ስለ ዶሮ እንኳ የለም፣ እማማ። ታሪክ ልስጥዎት?" አልኳቸው።

ደግ ሰው ናቸው፤ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። መጽሐፉ ወፍራም፣ ፊደሉ ደቃቅ ነበር። በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። አንዱም ገጽ አልተገለጠም። እኔም በመዝገቡ ላይ "ተመልሷል" ብዬ ጻፍኩና ደስ አለኝ።

ለምን ስለ ዶሮ እንደጠየቁ አልጠየቅኳቸውም። በኋላ ከጎረቤት እንደሰማሁት፣ ዶሮዎቻቸው አረንጓዴ ያስቀምጣቸው፣ አንገታቸው እየተጠማዘዘ ይወድቁ ጀምረው ነበር። ፈንግል ገብቶ ኖሯል። ከአሥራ አንድ ዶሮ ሁለት ብቻ ቀሩላቸው። የእንቁላሉ ገንዘብ ደግሞ የልጃቸው የደብተርና የጨው ገንዘብ ነበር።

ከወራት በኋላ ምስጥ እንዳይገባ ልይ ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩት። ከላይ የተጋደመው ቀጭን መጽሐፍ ስለ ዶሮ እርባታ ነበር። ፊደሉ ትልልቅ፣ ሥዕልም ያለው። ፈንግል አንዴ ከያዘ መድኃኒት እንደሌለው፣ ጤነኞቹን ግን አስቀድሞ በክትባት ማዳን እንደሚቻል፣ የታመመችውን መለየት፣ የሞተችውንም ወዲያው መቅበር እንደሚገባ ሁሉም ተጽፏል። እዚያው ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸ ነው። መጽሐፉ እያለ፣ አንባቢዋ እያሉ፣ መካከል ላይ እኔ ተገትሬ ነበር።

ሄጄ ለእኚያ እናት ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "እኔስ ምኑን አውቄ፣ አንተስ ምኑን አውቀህ" አሉኝና ቡና አፈሉልኝ።

በዚያው ክረምት ለንባብ ቤት ሠራተኞች የሁለት ሳምንት ሥልጠና አለ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ማመልከቻ ጽፌ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው አነበቡትና ሳቁ። "ቁልፍ ለመያዝ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?" አሉኝ። አበልም፣ መሳፈሪያም የለም ተባልኩ። ነገሩ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሲነሣ ግን እኚያ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ይኸ ልጅ የዶሮዬን መጽሐፍ ሳያውቅ ቆልፎበት ኖሯል። ካልተማረ ነገም ሌላውን ይቆልፍበታል" አሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሆኖም መሳፈሪያዬ እዚያው ተዋጣ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አስተማሪያችን መጽሐፍ የሚባል በእጃቸው አልያዙም። ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡንና "አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው የጠያቂውን ችግር ያውጣጣ" አሉን። መጽሐፍ ፈላጊ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው የልቡን ግማሽ ብቻ ነው። ያፍራል፣ ወይም ሠራተኛውን አደክማለሁ ብሎ ይፈራል። እኔ "ዶሮዎቹ ምን ሆኑብዎት?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሁሉም ነገር ይወጣ ነበር። ይህን ለመማር ሁለት ሳምንት ሄድኩ ብል የሚስቅብኝ አለ። ይሳቅ።

ከዚያ ወደ አደራደሩ ገባን። ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 ያወጣው ዘዴ አለ። የሰውን ዕውቀት በአሥር ትልልቅ ክፍል ይመድብና ለያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ሃይማኖት በ200 ይጀምራል፤ ቋንቋ በ400፤ ታሪክና ጂኦግራፊ በ900። ሕክምና 610 ነው፤ እርሻ 630። በእርሻ ውስጥ የቤት እንስሳት 636 ላይ ይገኛሉ፤ ዶሮ 636.5 ነው፤ ንብ ደግሞ 638 ላይ ነው። ይህን ዘዴ በብዙ አገር ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ዘዴውን በሚጠቀም ቤተ መጻሕፍት፣ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ አገር ብትገቡ፣ የዶሮ መጽሐፍ 636.5 ላይ ይጠብቃችኋል። ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው የፈለገውን ራሱ ሄዶ ያነሣል፤ ቁልፍ ያዡን መለማመጥ ቀረ ማለት ነው። መቶ መጽሐፍ ላላት ትንሽ ክፍል ግን ይህ ሁሉ ቁጥር አያስፈልግም ብለውናል አስተማሪያችን። በካርቶን ላይ "እርሻ"፣ "ጤና"፣ "ታሪክ"፣ "ተረት" ብሎ በጉልህ ጽፎ መለጠፍ ይበቃል።

ስለ ጥገናም ተምረናል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍም፤ ፕላስተሩ ይቆይና ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ያበላሸዋል። ስስ ወረቀትና ቀጭን ሙጫ ይሻላል። መደርደሪያ ከግድግዳው ራቅ፣ ከመሬቱም ከፍ ይበል፤ ምስጥና እርጥበት በዚያ ነው የሚመጡት። የውሰት መዝገብ አያያዝ፣ ለአዲስ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አመራረጥ፣ ለሕፃናት ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሌላም ሌላም ነበረው።

መጽሐፍ መጠበቅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በገዳማቱና በአድባራቱ ብራናው በማኅደር ተከቶ በኩላብ ላይ ይሰቀል ነበር። በሐረርም ቁርኣንን በቆዳ የሚደጉሱ እጀ ብልሆች ነበሩ። ይህ ሁሉ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደ ነው። ያ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚገኘው ብዙ ጽሑፍ ጠፍቶ ነበር። የዛሬው ሠራተኛ ግን ከመጠበቅ ሌላ ማስነበብም አለበት። ጥሩ ጠባቂ ሁሉ ጥሩ አስነባቢ አይደለም። እኔ ለዚህ ምስክር ነኝ።

በአገራችን የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ነው። ወመዘክር ስንል የምንጠራው እሱን ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሙያ በዩኒቨርሲቲ ይሰጥ ጀመር። የሙያው ሰዎችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀመረ። በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ገና ከመጀመሩም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ከዘመቻው ጋር በየቦታው ንባብ ቤት ተከፈተ። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ካጣ ይረሳልና ነው። ታዲያ ከነዚያ ንባብ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ቤትና መጽሐፍ ብቻ ስለጎደለ አይመስለኝም፤ የሠለጠነ ሰው ስላልነበረም ጭምር ነው።

አንድ ሰው ላንሣላችሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካን አገር ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ሙያውን ተምረውታል። በዚያ ቤተ መጻሕፍት የብዙ አገር ቋንቋ መጽሐፍ ሲገኝ በአገራቸው ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጡ። ያ ነገር ከነከናቸው። የሞኙን ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጥቂት ቆይቶ በአዋሳ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን አይቶ የሚያልፍ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ባዶነቱን እንደ ሥራው የቆጠረው የተማረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሠራተኛችሁ የት ይማር? ረጅሙ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ ድጋፍ ለአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምር ጀመር። ይህ ግን ሥራውን ጥሎ ለማይሄድ፣ ልጆች ላሉት የቀበሌ ሠራተኛ ሩቅ ነው። ለእሱ የሚቀርበው አጭር ሥልጠና ነው። ወመዘክር ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሙያ እርዳታ ይሰጣል። ኮድ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ከተመሠረተ ጀምሮ በገጠር ከተሞች የኅብረተሰብ ቤተ መጻሕፍት እንዲቋቋሙ ሲረዳ ሠራተኞቻቸውንም ያሠለጥናል።

ከሁሉ የረከሰው ግን የጎረቤት ትምህርት ነው። ሠራተኛችሁ ወደ ሌላ ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሦስት ቀን አብሮ ይዋል። መዝገቡን ይይ፣ አወሳሰዱን ይይ። አዲስ አበባ የመምጣት ዕድል ያገኘም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆትን ሳያይ አይመለስ። እኔ ብዙውን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። የትምህርት ቤት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ክረምቱ የእርሷ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ መምህራኑ ወደ ሥልጠና ሲላኩ እርሷም ትላክ። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን የሚሰጡት ጉሮሮውን ለታመመ ወይም ከአለቃው ጋር ለተጣላ መምህር ነበር። እንደ ቅጣት ማለት ነው። ልጆቹም ይህን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ አይገቡም።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና "የንባብ ቤታችን ሠራተኛ መቼ ሠልጥኖ ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። የመሳፈሪያውና የአበሉ ነገር በዕቅድ ውስጥ ይግባ በሉ። በሌለበት ሁለት ሳምንት ቁልፉን ማን ይይዛል የሚል ሰው ይነሣል፤ ሁልጊዜም ይነሣል። "እኛ በተራ እንይዛለን" በሉት። ሲመለስም ምን ተማርክ ብላችሁ በስብሰባ ፊት አናግሩት፤ እኔን አናግረውኛል፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው የተናገርኩት።

ከሥልጠናው እንደተመለስኩ ሣጥኑን ከፈትኩ። ቀጫጭኖቹን መጻሕፍት ከበሩ ፊት ለፊት፣ ቁጭ ብሎ በሚያነብ ሰው ዓይን ልክ አደረግኳቸው። ሣጥኑን ገልብጬ መቀመጫ ሠራሁበት። እኚያ እናት በሳምንቱ መጡ፤ "እርሻ" የሚለውን ካርቶን ራሳቸው አነበቡና የዶሮውን መጽሐፍ አነሡ። ወስደው አምስት ቀን አቆዩት። ሲመልሱት ጠርዙ ላይ የወጥ ጠብታ ነበረበት።

"ይቅርታ ልጄ፣ እሳት ዳር ሳነብ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም "ስለ ንብስ አለህ? ቀፎዬን ጥሎ እየሄደ አስቸገረኝ" አሉ።

ስለ ንብ አልነበረንም። በዚህ ጊዜ ግን ታሪክ ልስጥዎት አላልኳቸውም። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሄደው፣ እማማ? አበባ ሲጠፋ ነው ወይስ ጉንዳን ገብቶበት?" ብዬ ጠየቅኳቸውና ያሉኝን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዤ ማክሰኞ ለገበያ ከሚወርደው መኪና ጋር ወደ አውራጃው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ።