ስለ ዝናብ ጃኬት አመራረጥ



በክረምት ወደ ስሜን ተራሮች ስንወጣ የሚያሰጋን ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የገዛ ላባችንም ነው። ዳገት ላይ በላብ የራሰ ሸሚዝ ቆመን ስናርፍ ገላችንን ያቀዘቅዘዋል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና፣ እንዲህ ያለው ብርድ ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ዝናብ የማያስገባ፣ ላብም የማያፍን ልብስ ያስፈልገናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ የጋለ ቴፍሎን በድንገት ስቦ ቢለጥጠው፣ ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ የማያሳልፉ፣ እንፋሎት ግን የሚያሳልፉ ሆነው ተገኙ። ጎርቴክስ የሚባለው ሽፋን መጀመሪያ የተሠራው ከዚህ ነው።

ስንገዛ ሦስት ነገር እንመርምር፤ ስፌቱ ከውስጥ በጥብጣብ መታሸጉን፣ የውሃ መከላከያ ልኩ ከ10,000 ሚሊሜትር አለማነሱን፣ በብብቱ ሥር የሚከፈት ዚፕ መኖሩን። ስፋቱም ከሥሩ ወፍራም ሹራብ የሚያስለብስ ይሁን፤ ጃኬቱ ብቻውን አያሞቅምና።

ዋጋው ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ስለሆነም ማኅበራችን ጥቂት ጃኬቶችን በጋራ ገዝቶ በተራ እንዲያውስ እናሳስባለን። ተራራው ሀብታምና ድኻ አይለይም፤ እኛም ጓደኛችንን በስስ ሹራብ ይዘን መውጣት አይገባንም።