ሰንጠረዥ፣ ገበጣ እና የሠፈር ቼዝ፦ ጨዋታ በማን እጅ ይኖራል?



በዚህ አዳራሽ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ «ሰንጠረዥ 1»፣ «ሰንጠረዥ 2» እያለ ይጽፋል። ቃሉን በረድፍና በዓምድ ለተደረደረ መረጃ ስለለመድነው፣ የጨዋታ ስም እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ጨዋታውን ዛሬ «ቼዝ» እንለዋለን። ስሙ ለወረቀት ቀረ፤ ጨዋታው ሌላ ስም ይዞ ከውጭ ተመለሰ። የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰንጠረዥ ለምን ከእጃችን ወጣ? ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሠፈሮች ቼዝ የሚማሩ ልጆችስ ያው ዕጣ እንዳይደርስባቸው ምን እናድርግ?

ጨዋታው የተወለደው በሕንድ ነው። እዚያ «ቻቱራንጋ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም አራት ክፍል ያለው ሠራዊት፣ ማለትም እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ነው። ፋርሶች «ቻትራንግ»፣ ዐረቦች «ሻትራንጅ» አሉት፤ እኛም ሰንጠረዥ አልነው። ከ1508 እስከ 1540 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን የጎበኙት እንግሊዛውያን ራስ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይተዋል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ሕጉን ዘርዝሮ ጽፎታል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እነዚህን ምስክሮች አሰባስበው በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል አሳትመዋል።

ከዚህ የምናገኘው ጨዋታ ከዛሬው ቼዝ በብዙ ይለያል። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመውን ጠጠር ንግሥት ብለው እጅግ ኃይለኛ ሲያደርጉት፣ በእኛ ዘንድ ያው ጠጠር «ፈርዝ» እንደተባለ፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ እየተራመደ ቀረ። ዝሆኑም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘል ነበር እንጂ እንደ ዛሬው ቢሾፕ ገበታውን አያቋርጥም። ንጉሥን በኃይለኛው ግንብ ከመያዝ ይልቅ በደካሞቹ ጠጠሮች መያዝ ይበልጥ ያስመሰግን ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን «ወረራ» የሚባለው መክፈቻ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ እንደፈቀደ ጠጠሩን ያሰልፋል፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚገባው። በዛሬው ቼዝ ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅሱ 400 ልዩ ልዩ አሰላለፍ ሊፈጠር ይችላል፤ ስለዚህ መክፈቻን ከመጽሐፍ ማጥናት ይቻላል፣ ያጠናም ይበልጣል። በወረራ ግን በቃል የተጠና መክፈቻ ብዙም አይረዳም። ዓይንን ከባላጋራ እጅ ላይ አለመንቀል ነው ዋናው። ተመልካቾችም ዝም አይሉም ነበር፤ ምክር ይሰጣሉ፣ ይከራከራሉ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለምን ጠፋ? የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። የጽሑፍ ምስክሮቻችን ሁሉ የሚያሳዩን ቤተ መንግሥትን፣ የመኳንንት አዳራሽንና የጦር ሠፈርን ነው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ይሠራሉ። ሕጉ የሚገኘው በትልቅ ሰው ደጅ በመጥናት ነው። ደጁ ሲዘጋ ጨዋታውም አብሮ ተዘጋ። ዘመናዊው ቼዝ ሲመጣ ድሮውንም ባለቤቱ ጥቂት የሆነን ጨዋታ ለመተካት አልተቸገረም።

ከዚህ ጋር ገበጣን አስተያዩ። እኔ የተወለድሁት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከብት ስንጠብቅ መሬት ላይ ጉድጓድ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ቆፍረን፣ ጠጠር ወይም ፍሬ ለቅመን እንጫወት ነበር። ሕጉን ያስተማረን መኳንንት የለም፤ ታላቅ ወንድም ታናሹን አስተማረ። ዝናብ ጉድጓዱን ቢደፍነው በማግስቱ ሌላ ይቆፈራል። በቡሬም፣ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት፣ ጭነት የሚጠብቁ ሰዎች በካርቶን ላይ በተሠመረ ገበታ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ አያለሁ። ገበጣም ዛሬ በስልክ ፊት እየተዳከመ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ሰንጠረዥ ከጠፋ በኋላም እንዲኖር ያደረገው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ዕቃው በነፃ ይገኛል፤ መምህሩም ጎረቤት ነው።

አሁን ወደ ሠፈር ቼዝ እንመለስ። የቼዝ ክበብ ለማቋቋም ስንነሣ ወላጆችን የምናግባባበት የተለመደ ቃል አለ፤ «ልጅዎን በሒሳብ ጎበዝ ያደርገዋል» የሚል። እንደ ምሁር ይህን ማለት አንችልም። በእንግሊዝ አገር በ100 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ቼዝ የተማሩ ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ካልተማሩት የተሻለ ውጤት አላመጡም። ሌሎች ጥናቶች በጎ ውጤት አግኝተዋል፤ ማስረጃው ግን የተደባለቀ ነው። ልጁ ቼዝ ተምሮ በሒሳብ ቢወድቅ ወላጅ «ዋሽታችሁናል» ብሎ ገበታውን ይሰበስባል። ውሸት የያዘው ድጋፍ አይጸናም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? እኔ በሠፈር ካሉ ወጣቶች ጋር ስጫወት የማየው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ከሽንፈት በኋላ የሚደረገው ንግግር ነው። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ጠጠሮቹን መልሰው ይደረድሩና «እዚህ ላይ ፈረሱን ባታወጣው ኖሮ» ይባባላሉ። ሽንፈት የሚመረመር ጉዳይ እንጂ የሚደበቅ ነውር አይሆንም። ሁለተኛው፣ ታላቅን በማክበር ባደግንበት አገር አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ ንጉሥዎ ተይዟል» ብሎ በትሕትና ለመናገር የሚችልበት ስፍራ መሆኑ ነው። ክብሩ አልጎደለም፤ ማስረጃው ግን ከዕድሜ በላይ ሆነ። ለእኛ ለመምህራን ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ይህ እንዲሰምር ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቀኑ ነው። ብዙ የሠፈር ክበቦች ቅዳሜና እሑድን ይመርጣሉ። ነገር ግን ከገጠር መጥተው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው የሚሄዱት በእነዚያው ቀናት ነው። በቅዳሜ ብቻ የሚከፈት ክበብ ሳያውቀው የከተማ ልጆች ክበብ ይሆናል። በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ይጨመር። ሰዓቱም ሳይመሽ ይሁን፤ ሲመሽ አስቀድመው የሚቀሩት ሴቶች ልጆች ናቸውና።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ነው። የተሟላ ዕቃ እስኪገዛ አንጠብቅ። ዳማና ቼዝ በአንድ ዓይነት 64 ቤት ገበታ ላይ መጫወት ይቻላል። ቆርኪ ላይ የጠጠሩን ምልክት የሠራ ልጅ፣ ያንኑ ገበታ ይዞ ወደ ገጠር ቤቱ ሊወርድና ታናሹን ሊያስተምር ይችላል። በቁልፍ የሚቀመጥ ውድ ዕቃ ግን ከክበቡ በር አይወጣም።

ሦስተኛ፣ የመምህሩ ጉዳይ ነው። አንድ ጎበዝ ሰው ሁሉን የሚያስተምርበት ክበብ፣ ያ ሰው ሲዛወር ይፈርሳል። ስለዚህ አንድ ወር የተማረ ልጅ አዲስ የመጣውን ያስተምር። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ የኔታም ይመረምራሉ። የጎጃም ቅኔ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚህ መንገድ ጭምር ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። የሰንጠረዥ ሕግ ዛሬ የሚነበበው በአብዛኛው የውጭ ተጓዦች በጻፉት ነው። የገበጣ ሕግ ግን ገና በአያቶቻችሁ አፍ ላይ አለ፤ ከቀበሌ ቀበሌም ይለያያል። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ጠይቁ፣ ተጫወቱ፣ ስንት ጉድጓድ እንደሚቆፈር፣ መቼ እንደሚበላ በዝርዝር ጻፉ። ከየቀበሌው የሰበሰባችሁትንም በረድፍና በዓምድ አደራጁት። ያን ጊዜ በጽሑፋችሁ ውስጥ «ሰንጠረዥ 1» የሚለው ርእስ ከሥሩ ጨዋታ ይኖረዋል።