ድስቱ እሳት ላይ ሳለ አይጠቅለል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ጠጅ ነው። ስለ መጠጣቱ ሳይሆን ስለ መጣሉ።

በዓል በቀረበ ቁጥር በየቤቱ ጌሾ ይቀቀላል። ድሮ በጓሮ፣ በማገዶ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በቡታጋዝ ነው የምንሠራው። ምድጃው ትንሽ፣ ድስቱ ትልቅ። 20 ሊትር ውሃ በ1,500 ዋት ምድጃ ላይ ቢጣድ፣ ሙቀቱ ምንም ባይባክን እንኳ፣ ለመፍላት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ፣ ምድጃው እንደ በራ፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ወይም በጆንያ፣ ባስ ሲልም በስፖንጅ ይጠቀልላል። ሲጠየቅም «እናቶቻችን ጋን ይጠቀልሉ አልነበር?» ይላል።

እውነት ነው፣ ይጠቀልሉ ነበር። ጋኑ ግን እሳት ላይ አልነበረማ!

ባለፈው በዓል ዋዜማ በአንድ አባላችን ቤት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ የጋለውን ምድጃ ነካ፣ መጤስ ጀመረ። ልጅቷ ነቅታ ባትጮኽ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው፤ የአንዱ ኩሽና ሲነድ የጎረቤቱ ጣራ አይተርፍም። ስፖንጅማ ጭራሽ አይነሳ፤ ቀልጦ እየተንጠባጠበ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በቡታጋዝ ዙሪያ ቆርቆሮ ማቆምም አይበጅም፤ እሳቱ አየር ያጣል፣ ጎማውም ይግላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛ ነገር ክዳን። ሙቀቱ ይበልጡን የሚያመልጠው በእንፋሎት ነውና ድስቱን ከድኖ፣ እንዳይገነፍል ጥቂት ገርበብ ማድረግ። ከዚያም ውሃውን ሁሉ ማፍላት ለምን አስፈለገ? ጌሾውን በ4 ወይም በ5 ሊትር ውሃ ቀቅሎ አውርዶ፣ ከቀረው ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ኤሌክትሪኩም ይተርፋል፣ ጀርባም ይተርፋል። የፈላ ትልቅ ድስት ሁለት ሆኖ መሸከም እኮ ራሱ አደጋ ነው፤ በተለይ ልጆች ከእግር በማይጠፉበት ቤት።

ማሩ የሚገባው እጅ ሲገባበት ለብ ያለ እንደሆነ ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ እርሾውን ይገድለዋል፤ ጠጁ «እምቢ አለኝ» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው። መጠቅለል የሚጠቅመው እንግዲህ አሁን ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዱ ጥርስ ያፋጫልና፣ ዕቃውን ከሲሚንቶው ላይ አንሥቶ በሳንቃ ላይ ማስቀመጥ፣ በደረቅ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ወይም ደረቅ ጭድ በሞላው ሳጥን ውስጥ መክተት። ከምድጃና ከከሰል ራቅ ይበል። ጨርቁ ከረጠበ ይለወጥ፤ እርጥብ ጨርቅ ያበርዳል እንጂ አያሞቅም። አፉ ደግሞ ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋ፤ ጠጁ ሲፈላ አየር ያወጣል፣ የታፈነ ጀሪካን ይነፋና ይፈነዳል።

የአረቄውን ነገር ሌላ ቀን እንመለስበታለን። የአልኮል እንፋሎት ከእሳት ጋር ጨዋታ አያውቅም።

እሳት ቢነሣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ይጥፋ፤ ሳይጠፋ ውሃ አይደፋበት። ጎረቤት ይጠራ፤ ለእሳት አደጋ በ939 ይደወል።

ብዙ የሚጥል ሰው በማኅበሩ ግቢ ያለውን የማገዶ ጉልቻ መጠቀም ይችላል። ቁልፉ በጸሐፊው ቤት ነው። ለገና የሚፈልግ ተራውን ከአሁኑ ያስይዝ፤ እንጨቱን ይዞ ይምጣ።