መሣሪያው የማን ነው?

ሰሞኑን የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። ከሐይቅ ይደወላል፣ ከውጫሌ ይደወላል፣ ከአምባሰል ገጠር ቀበሌዎች መልእክት ይመጣል። «ድምፃዊ አለን፣ ተወዛዋዥ አለን፣ ባንድ ልንጀምር ነው፤ መሣሪያ ከየት እናግኝ?» ነው ነገሩ ሁሉ። ለአንዱ መልሼ ስልኩን ሳስቀምጥ ሌላው ያንኑ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የዛሬውን ወግ ባንድ ለመጀመር ላሰባችሁ ልጆች ሰጥቼዋለሁ።

መልሴ እንደጠበቃችሁት ላይሆን ይችላል። «ከየት» ከማለታችሁ በፊት «የማን» በሉ። ኪቦርዱ፣ ስፒከሩ፣ ማይኩ በመጣ ማግስት የማን ንብረት ነው? ይህን ያልመለሰ ቡድን መሣሪያ ባያገኝ ይሻለዋል። ንግግሬ ጠንከር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያቴን ስሙኝና ትፈርዳላችሁ።

ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ከተሞቻችን በአንዱ የማውቀው ቡድን ነበር። ኪቦርዱን ለተጫዋቹ ወንድሙ ከሳውዲ ላከለት። ስፒከሩን ከየሰርጉ ክፍያ አጠራቅመው በጋራ ገዙት፤ የሚቀመጠው ግን ድምፃዊው ቤት ነው፣ ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ። ሚክሰሩን አንድ ነጋዴ «ለልጆቹ» ብሎ ሰጠ። ለየትኞቹ ልጆች? ማንም አልጠየቀም። ሁለት የሰርግ ወራት በፍቅር አለፉ። ከዚያ ባለ ኪቦርዱ «ለመሣሪያዬ ኪራይ ይታሰብልኝ» አለ፤ እውነት አለው። ሌሎቹ «ስም ያወጣነው አንድ ላይ አይደለም ወይ?» አሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው። የስፒከሩ ነገር ሲነሳ የድምፃዊው አባት በሩን ዘጉ። ቀብድ የበሉበት ሰርግ ነበረ፤ ቀኑ ሲደርስ ሙሽራው በፍላሽ ሙዚቃ አገባ። እነዚያ ልጆች በሙዚቃው አልተጣሉም። የአምባሰልን ቅኝት አንድ ላይ ሲይዙት መንገደኛ ያቆሙ ነበር። የለያያቸው ሳይጻፍ የቀረው ነገር ነው።

የነሱ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። የአገራችንን የሙዚቃ ታሪክ በዚህ በኩል እዩት። ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ሀገር ፍቅር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ ታላላቆቹ የወጡት ከነዚህ ነው። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው፣ ሳክስፎኑ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከሥራው የወጣ ሰው የሚወጣው ባዶ እጁን ነው። ቀጥሎ በመጣው የምሽት ክበብ ዘመን ደግሞ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ሆነ፤ ባለቤቱ ሲቆጣ ባንዱ ዝም ይላል። ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ መግዛቱ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። በ1960ዎቹ የተሰባሰቡት እነ ኃይሉ መርጊያ ዕቃቸውን ይዘው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው መሄድ ስለቻሉ ከባለቤቶቹ ጋር እኩል ተቀምጠው ተደራደሩ። ሂልተን ገብተው ለዓመታት ተጫወቱ፣ ዛሬ የውጭ አገር ባንዶች ሳይቀሩ የሚጫወቱትን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ቀዱ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ድረስ ተሻገሩ። ችሎታቸው አያጠያይቅም። ግን በዚያው ዘመን በችሎታ የማያንሳቸው ስንት ሰው የሌላ ሰው መሣሪያ ሲወለውል ኖሯል።

ወደ ወሏችን እንምጣ። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ ማግኘት ይከብድ ነበር፤ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፣ ከአንዱ ቤት የያኔው ተወዛዋዥ አይጠፋም። ደሴ ላይ ላሊበላ ኪነት ነበር፤ አምባሰልን በድምፅዋ ያነገሠችው ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዚያ ነው። ልጆችን ሰብስቦ፣ አሠልጥኖ፣ ሕዝብ ፊት ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም፤ ውለታው አለብን። ነገር ግን ቡድኑም የመንግሥት፣ ከበሮውም የመንግሥት ነበረ። በ1983 መዋቅሩ ሲፈርስ ብዙዎቹ ቡድኖች አብረው ፈረሱ። ድምፁ ነበረ፣ ጉልበቱ ነበረ፣ ሰሚውም ነበረ። በማግስቱ ተሰብስበው «እኛ እንቀጥል» የሚሉበት፣ የኛ ነው ብለው የሚይዙት ዕቃ ግን አልነበራቸውም።

እንግዲህ ወረዳው ወይም የወጣት ማዕከሉ መሣሪያ ቢሰጣችሁ እምቢ በሉ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሂዱና ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ስትቀበሉ ግን ስጦታ ይሁን ውሰት ደብዳቤው ላይ ይስፈር። ውሰት ከሆነ እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑ ይጻፍ። ዘመድ ቢሰጣችሁም፣ ነጋዴ ቢሰጣችሁም እንዲሁ ነው።

እንዴት ይጻፋል ለምትሉኝ፣ እናቶቻችሁ ያስተምሯችሁ። እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን ቆጥሮ ይመዘግባል። ማን ዘንድ እንዳለ ይታወቃል፣ የሰበረ የሚከፍለው ይታወቃል፣ ሊቀመንበሩ ቢለወጥ ድስቱ አብሮት አይሄድም። ለናንተም አንድ ገጽ ይበቃል። የግል የሆነውን «የእገሌ የግል» ብላችሁ፣ የጋራውን «የቡድኑ» ብላችሁ ዘርዝሩና ሁላችሁም ፈርሙበት። የጋራው ዕቃ አንዱ ቤት ሲቀመጥ የቤቱ አባወራም ይፈርሙ፤ «አደራ ተቀብያለሁ» ይበሉ። የቅድሙ በር የተዘጋው ይህች አንዲት መስመር ስላልነበረች ነው።

ገንዘቡን ደግሞ እንዲህ አድርጉት። ስድስት ከሆናችሁ የሰርጉን ክፍያ ለሰባት ክፈሉት። ሰባተኛው ድርሻ የባንዱ ነው፤ ገመድ ይገዛል፣ የተቃጠለ ስፒከር ያሠራል፣ ቀስ እያለ አዲስ ዕቃ ያመጣል። የግል መሣሪያውን ለሥራ ያዋለው ልጅ ከዚያው ላይ የተስማማችሁበትን ያግኝ። የሚሄድ ልጅስ? የኛ ልጆች ይሄዳሉ፤ ደሴ ይሄዳሉ፣ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ጅዳ ይሄዳሉ። የሚሄደው ከጋራው ንብረት ምንም አይወስድም ከተባለ ዛሬ ይባል፣ ተሰልቶ ይሰጠዋል ከተባለም ዛሬ ይባል። ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ የሚደረግ ስሌት ጤና የለውም።

«እኛ ከልጅነት ጓደኛሞች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» የሚል አንድ ወጣት ባለፈው ሳምንት በስልክ ተከራክሮኛል። ወንድም ዓለም፣ ክርክርህን ወድጄልሃለሁ፣ ግን ተሳስተሃል። ጓደኛሞች በሆናችሁበት ሰዓት ጻፉት፤ ከተጣላችሁ በኋላ የሚጻፈው የክስ ማመልከቻ ነው።

አሁን «ከየት» ወደሚለው ልመለስ። ሐይቅ ተቀምጣችሁ፣ አምባሰል ተቀምጣችሁ፣ ኪቦርድ ካልመጣ ባንድ አይጀመርም ስትሉ እቆጣለሁ። ለአገር ቅኝት ስም ያወጣ ምድር ላይ ናችሁ እኮ! ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮ። ማሲንቆ እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ነው፤ ጉምሩክ አያልፍም፣ ኮረንቲ ሲጠፋ አይቋረጥም። በነዚህ አራት ጥቂት ወራት የተለማመደ ቡድን ኪቦርድ ሲመጣለት ምን እንደሚሠራበት ያውቃል። ዋጋቸው ስለሚቀልም ቡድኑ ራሱ ሊገዛቸው ይችላል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማንም አይከራከርባቸውም።

መሣሪያዎቹ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ክራርና ማሲንቆ ይቃኛሉ። ዋሽንት አይቃኝም፤ ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭሩን ደርድሮ የሚዞረው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለድምፃዊው የሚመቸው ከፍታ ይፈለግ፣ ለዚያ የሚሆን ዋሽንት ይመረጥ፣ ክራሩና ማሲንቆው በዋሽንቱ ይቃኙ። ኪቦርድ ካለ በትራንስፖዝ ቁልፉ እሱ ወደነሱ ይምጣ። ብዙ ልጆች ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት። ኪቦርዱ በለመደበት ቦታ ቁጭ ይላል፣ ድምፃዊቷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች።

ስለ አምባሰል ራሱ ለኪቦርድና ለቤዝ ተጫዋቾች የምለው አለኝ። ከሚ ተነስታችሁ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብትሉ አንድም ጥቁር ቁልፍ ሳትነኩ አምባሰልን ታገኙታላችሁ። ከላ ተነስታችሁ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብትሉ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው። አስተዋላችሁ? አምስቱ ድምፆች ያው ናቸው። የሚለየው ዜማው የሚነሳበትና ተመልሶ የሚያርፍበት ነው። ጀማሪ ባንድ አምባሰል ብሎ ጀምሮ ሳያውቀው ትዝታ ውስጥ የሚገባው በዚህ በር ነው። ቤዝ ጊታሩ ላን ደጋግሞ ሲመታ ሰሚው ወደዚያ ያጋድላል፣ ድምፃዊውም ይከተላል። ቤዙ ሚን ይጠብቅ። ቤዝ ከሌላችሁ ክራሩ ሚን ይጠብቅ። የአምባሰል ልጅ አምባሰልን አሳልፎ ሲሰጥ መስማት በጣም ያመኛል።

ሰዓቴን ቅኝቱ በላብኝ፤ የቀረውን ልሩጥበት።

ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀኑም ሰዓቱም የማይለወጥ ይሁን። የመጣው ይጀምር፣ የቀረ አይጠበቅ። ቦታው ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ራቅ ያለ ይሁን፤ ጎረቤት የታመመ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ። የዓመቱን ዕቅድ ስታወጡ ሁለቱንም ጾም አብራችሁ ቁጠሩ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ስለሚቀድም አንዳንድ ዓመት ከሁዳዴ ጋር ይደራረባል፤ በዚያን ጊዜ የሰርግ ሥራ የለም። ከመካከላችሁ በጾም መዝፈን የማይፈልግ ካለ አታስጨንቁት፤ ያ ወር ዕቃ መጠገኛና ሒሳብ መዝጊያ ይሁን። ጥር ከመድረሱ በፊት ደግሞ ዕቃው ሁሉ ተቆጥሮ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። የትኛው ዝርዝር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያ የፈረማችሁበት።

የሰው ዘፈን ቀድታችሁ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዳለ እወቁ፤ የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት ፈቃድ ጠይቁ። የራሳችሁን ስትሠሩም ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ እዚያው ወረቀት ላይ ጨምሩት። መሣሪያ ስል የሚዳሰሰውን ዕቃ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ዘፈኑም ንብረት ነው፣ የባንዱ ስምም ንብረት ነው። ሁለት ተከፍላችሁ ሁለታችሁም በአንድ ስም ሰርግ ብትዋዋሉ የሚያዝነው ሙሽራው ነው።

አንዲት እናት ከሐይቅ ደውለው ነበር። ልጃቸው ድምፅ አላት፣ ልጆቹ ለባንዱ ፈልገዋታል፣ «ከወንዶች ጋር ልላካት ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። እናቴ፣ አይከልክሏት። ልምምዱ በቀን ይሁን፣ ሳይመሽ ይለቀቅ፣ እርስዎም ሲመችዎ መጥተው ይስሟት። ከዚያ ግን ያንን ወረቀት አሳዩኝ ይበሉ። ስሟ ከወንዶቹ እኩል ሰፍሯል? ድርሻዋስ ከነሱ እኩል ነው? ሰርጉን በድምፅዋ ያቆመች ልጅ «የትራንስፖርት» ተብሎ እጅዋ ላይ ትንሽ ብር ተደርጎላት ስትሸኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተጽፎ ካገኙት ይላኳት፤ ካልተጻፈ ግን እስኪጻፍ ድረስ ቤትዎ ትቆይ።